መጨመሩን ሁሉም ያውቅበታል፤ የሚያጸዳው ማን ነው?

ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቆሞ በየበረንዳው የተሰቀሉትን ዲሾች ቀና ብሎ ላየ ሰው፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የቅርብ ዓመታት ታሪክ እዚያው ይነበባል። አንዳንዱ ዲሽ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሯል፤ የሚፈልገው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ያለውን ናይልሳትን ነው። ሌላው ወደ ምስራቅ ዞሮ ወደ ሰማይ አንጋጧል፤ እሱ የሚያየው 57 ዲግሪ ምስራቅን ነው። በ2012 ዓ.ም. ኤስ.ኢ.ኤስ የተባለው የሳተላይት ኩባንያና የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማህበር «ኢትዮሳት»ን ሲጀምሩ የአገር ቤት ጣቢያዎች ወደዚያ መሻገር ያዙ። ያኔ በየቤቱ ወይ ዲሽ ማዞር፣ ወይ ሁለተኛ መጨመር ግድ ሆነ።

ዲሹን ያዞሩት ሰዎች ግን የተጻፈውን መረጃ አብረው አላዞሩትም።

ዛሬም የዲሽ ወዳጆች በሚሰባሰቡባቸው የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ የአንድ ጣቢያ ስም ቢፈለግ ሦስትና አራት ዓይነት ፍሪኩዌንሲ ይወጣል። ሁሉም «አዲስ» የሚል ርዕስ አለው። ቀን የተጻፈበት ግን ጥቂት ነው። አንዱ ከሳተላይት ለውጡ በፊት የነበረ፣ ሌላው ለሙከራ ጥቂት ጊዜ የቆየ፣ ሦስተኛው ፖላራይዜሽኑ ተገልብጦ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። አንባቢው የትኛው በሕይወት እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አንድ በአንድ ይሞክራል፤ «ሲግናል የለም» ይለዋል፤ ጥፋቱ የቁጥሩ መሆኑን ትቶ የዲሹ ይመስለዋል። ደህና የነበረውን ዲሽ ይነካካል። ከዚያ በኋላ በእርግጥም ዲሹ ይበላሻል።

የዚህ ዋጋ ትንሽ አይደለም። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ከቤት ሳይወጡ ዜናውንም፣ ስብከቱንም፣ የበዓሉንም ዝግጅት የሚያገኙት በዚያ ስክሪን ነው። ስክሪኑ ሲጨልም ባለሙያ ይጠራሉ፤ ሰውየው ከሌላ ሰፈር የትራንስፖርት ከፍሎ መጥቶ፣ ሁለት ደቂቃ ሪሞት ይዞ፣ አንድ ቁጥር ቀይሮ ይሄዳል። የሚከፈለው ገንዘብ የልፋቱ ዋጋ ሳይሆን ትክክለኛዋን አንዲት መስመር ያለማወቅ ቅጣት ነው።

በየኮንዶሚኒየሙ «ዲሽ የሚነካ» ልጅ አይጠፋም። ሥራው ሌላ ነው፤ ዲሽ ግን ፍቅሩ ነው። ማታ ከሥራ ሲመለስ ደረጃው ላይ ይጠበቃል።

«ልጄ፣ ትናንት እኮ ደህና ይሠራ ነበር።»

«እማማ፣ ዲሹ ምንም አልሆነም፤ ጣቢያው ቁጥር ቀይሮ ነው።»

ያንኑ መልስ በሳምንት ለአሥር ሰው የሚሰጥ ልጅ፣ አንድ ቀን ሁሉንም በአንድ ገጽ ልጻፈው ብሎ መነሳቱ አይቀርም። በየሳተላይቱ ያሉት ጣቢያዎች፣ ፍሪኩዌንሲው፣ ፖላራይዜሽኑ፣ ሲምቦል ሬቱ። ከዚያም በቁጥር ዝርዝር ውስጥ የማይገኘው የሰፈሩ እውቀት ይከተላል። ከአዲስ አበባ ሲታይ 57 ዲግሪ ምስራቅ ላይ ያለው ሳተላይት ከአድማስ በላይ ከ60 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በረንዳ ላይ ለተሰቀለ ዲሽ የላይኛው ፎቅ ወለል ሊጋርደው ይችላል። በረንዳው ወደ ምዕራብ ብቻ የሚያይ ቤት ደግሞ ሕንጻው ራሱ ግድግዳ ይሆንበታል። እንዲህ ላለው ቤት መፍትሔው ጣሪያ ነው፤ ጣሪያው ደግሞ የጋራ ነው፤ ስለዚህ ከጎረቤት ጋር መነጋገር ከዲሽ ማስተካከል ይቀድማል። ይህን ግሩፕ ውስጥ የሚለጥፍ ሰው የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚለጠፈው።

ብዙ ሰው አብሮ የሚጽፈው፣ ማንም የሚያርመው እንዲህ ያለ ገጽ በዓለም ላይ ስም አለው፤ ዊኪ ይባላል። ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ የመጀመሪያውን በ1995 እ.ኤ.አ. ከፈተ፤ ስሙን የወሰደው በሃዋይ ቋንቋ «ፈጣን» ከሚለው ቃል ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ውክፔዲያ በዚሁ ዘዴ ተጀመረ። ዊኪ ከቴሌግራም ግሩፕ የሚለየው በአንድ መሠረታዊ ነገር ነው። ግሩፕ ውስጥ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይከመራል፤ ዊኪ ላይ አዲሱ የአሮጌውን ቦታ ይወስዳል። ቴሌግራም ላይ ዋናውን ጽሑፍ ያረመ ሰው እንኳ ቀድሞ ፎርዋርድ የተደረጉትን ቅጂዎች ሊያርም አይችልም። ስህተቱ በመቶ ግሩፕ ውስጥ እንደተወለደ ይኖራል።

ገጹን መክፈት ግን ቀላሉ ክፍል ነው። የመጀመሪያው ሳምንት የድግስ ያህል ነው፤ ሁሉም የሚያውቀውን ይዞ ይመጣል። ከስድስት ወር በኋላ ግን ገጹ ራሱ ሌላ ግሩፕ ይሆናል። አንድ ጣቢያ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። የተዘጋ ጣቢያ አሁንም ተዘርዝሯል። ለአንድ ምሽት ጨዋታ ብቻ ያገለገለ፣ የባለመብት ጥያቄም ያለበት የመክፈቻ ኮድ መሃል ላይ ተቀምጧል። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው አዲስ የሚጨምር ሰው ሳይሆን መጥረጊያ የሚይዝ ሰው ነው።

ጽዳቱ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ መስመር መቼና የት እንደተሞከረ መጻፍ፤ «ይሠራል» ብቻውን ምንም አይልም፤ «በዚህ ቀን፣ ገላን፣ በዚህ ስፋት ዲሽ ተሞክሮ ይሠራል» የሚለው ግን ሌላ ሰው ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ነው። ሁለተኛ፣ የሞተውን ማውጣት። ሦስተኛ፣ የሚመሳሰሉትን መለየት። ይህ የመጨረሻው የሪሲቨር ሶፍትዌር ላይ ሲደርስ ከባድ ይሆናል። ውጫቸውና የሞዴል ስማቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው የተለያየ ሪሲቨሮች አሉ። ለአንዱ የተዘጋጀ ፋይል ሌላው ላይ ከተጫነ ሪሲቨሩ ዳግም ላይነሳ ይችላል። ኦፕን ደብሊው አር ቲ የተባለው፣ የቤት ራውተር ሶፍትዌር የሚቀይሩ ሰዎች የጋራ ሥራ፣ በዊኪው ላይ ራውተሮችን በሞዴል ብቻ ሳይሆን በሃርድዌር ቨርዥን ጭምር የሚዘረዝረው በዚሁ ምክንያት ነው። አንዲት ፊደል መዝለል ዕቃ ታስጥላለች።

ታዲያ ይህን ያህል የሚጠቅም ሥራ ለምን ሠሪ ያጣል? አንዱ ምክንያት ምስጋና የሌለው መሆኑ ነው። አዲስ ፍሪኩዌንሲ ያመጣ ሰው ልብና ጭብጨባ ይዘንብለታል፤ አሥር የሞቱ መስመሮችን ያወጣውን ያየው የለም። ካየውም «የጻፍኩትን ለምን አጠፋህብኝ?» ብሎ ሊቆጣ ነው። በእኛ አገር የሰውን ጽሑፍ መሰረዝ ሰውየውን እንደ መድፈር ይቆጠራል። ለዚህ ዊኪ መልስ አለው፤ የተሰረዘው ሁሉ በገጹ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ከነቀኑ ይቀመጣል። መስመሩ ከገጹ ወጣ እንጂ የጻፈው ሰው ድካም አልጠፋም። ያወጣው ሰው አንዲት ሐረግ ምክንያት ቢያኖር ደግሞ ጠቡ በአብዛኛው ከመጀመሩ ያልቃል።

ሌላው ምክንያት እንጀራ ነው። ዲሽ እያስተካከለ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው፣ የሚያውቀው ሁሉ በነጻ ገጽ ላይ ሲወጣ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ግን ነገሩን ጠለቅ ብሎ ላየው ገጹ የሚወስድበት የሁለት ደቂቃውን የሪሞት ሥራ ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሽ ማሰር፣ ኬብል መዘርጋት፣ የተቃጠለ ኤልኤንቢ መቀየር አሁንም የእሱ ነው። እንዲያውም ያለምክንያት የተነካካ ዲሽ ከማስተካከል ይድናል።

ሦስተኛውና ዝም የሚባለው ችግር ጠባቂው አንድ ሰው መሆኑ ነው። ልጁ ቤት ይቀይራል፤ ያገባል፤ ውጭ አገር ይሄዳል፤ የይለፍ ቃሉ ከስልኩ ጋር ይጠፋል። በማግስቱ ገጹ ውጪው አምሮ ውስጡ መሻገት ይጀምራል። ትልቁን ምሳሌ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአማርኛ ውክፔዲያ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ተናጋሪ ላለው ቋንቋ ወደ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፎች አሉት፤ እነዚህን የሚጠብቁት እጆች ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሹመቱ ያለፈ ባለሥልጣን፣ ስሙ የተቀየረ መሥሪያ ቤት እንደነበረ ተቀምጦ ቢገኝ ሊደንቅ አይገባም። እንዲህ ያለው ስህተት ከክፋት አይመጣም፤ ያለፈበትን የሚያወጣ እጅ ከመጥፋቱ ነው።

የዲሽ ነገር የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የተሻረ መመሪያ፣ የድሮ ታሪፍ፣ ያለፈበት የምዝገባ ቀን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው በዚያው መንገድ ነው፤ «አዲስ» ተብሎ፣ ቀን ሳይኖረው። በዚያ ተመርቶ ከገላን እስከ መሃል ከተማ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ «ይሄ ቀርቷል» የተባለ ሰው ያጣው የቀን ገቢ ነው።

ጀማሪ ለሆነ ግሩፕ ትልቅ ነገር አያስፈልገውም። ማንም ሊያርመው የሚችል አንድ ገጽ፣ ቁልፉን የያዙ ቢያንስ ሁለት ሰዎች፣ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት። በዚያ ቅዳሜ አዲስ ነገር አይጨመርም። ያለው ብቻ በሪሲቨር ላይ አንድ በአንድ ይሞከራል፤ የሠራው አዲስ ቀን ይጻፍበታል፤ ያልሠራው ይወጣል። ሁለት ሰዓት ቢወስድ ነው። ያንን ሁለት ሰዓት የሚሰጥ ሰው ሲገኝ፣ ጎረቤቶቹ ስሙን ጠርተው ቢያመሰግኑት ለሚቀጥለው ወር ይመለሳል።