የምወደውና የማልወደው ምሳሌ

በአማርኛ «ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» ይባላል። በኦሮምኛ ደግሞ ምሳሌ የሌለው ንግግር ጨው እንደሌለው ወጥ ነው ይባላል። እኛ የሁሩታ ልጆች ሁለቱንም እየሰማን ስላደግን ዕድለኞች ነን። ይሁን እንጂ ጠጁ የግብዣ ቀን ነው፤ ጨው ግን በየቀኑ ያስፈልጋል።

ምሳሌ የሚወደደው ስለ ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛ አጭር ነው፤ ሁለተኛ ቤት ይመታል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ቃሉ ሁለት ብቻ ሲሆን «ዝም» የሚለው ድምፅ በመጨረሻው ተመልሶ ይሰማል። ትርጉሙም ዝም ያለ ሰው ነቀዝ እንዳልነካው እህል ጤነኛ ሆኖ ይኖራል ማለት ነው።

ነገር ግን ጆሮን ደስ ያሰኘ ሁሉ እውነት ነውን? የስንዴና የገብስ አገር ለሆነው ለእኛ ነቀዝ እንግዳ አይደለም። የሚበላውም በጎተራ ተዘግቶ የሰነበተውን እህል እንጂ ፀሐይ ላይ የተሰጣውን አይደለም። እንግዲህ ምሳሌው በራሱ ላይ ይመሰክራል።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ወገን በድምፅ ስለሚስማሙ ሰሚው ሳይመረምር እውነት ነው ይላል። እኔ ሴት ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስፈጽም ትምህርቴን ልቀጥል ወይስ ልዳር የሚለው ጉዳይ በቤታችን በተነሣ ጊዜ አንድ ዘመዳችን ይህን ምሳሌ ጠቅሰው ነገሩን ሊዘጉት ፈለጉ። እኔም «ጋሼ፥ ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለምን?» ብዬ መማር እንደምፈልግ ተናገርሁ። አባቴ ፈገግ አሉ። ጉዳዩ ገና አልተቆረጠም፤ ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ እኔ ሲመከር እኔም እጠየቃለሁ።

የደጃዝማችነት ማዕርግ በ1967 ዓ.ም. ከዘውዱ ጋር ቀርቷል። ሹመቱ አልፎ ምሳሌው የኖረው፥ ሳይናገር የሚገባውን የሚያጣ ሰው በየዘመኑ ስላለ ነው።

ከዚህ የተረዳሁት፥ ምሳሌ ምስክር እንጂ ዳኛ አለመሆኑን ነው። አንዱን ምስክር ብቻ ሰምቶ መፍረድ ደግሞ አይገባም። ስለዚህ፥ የተወደዳችሁ ጓደኞቼ ሆይ፥ ምሳሌ በተጠቀሰባችሁ ጊዜ ውበቱን አድንቁ፤ ቀጥሎም ተቃራኒው ምን እንደሆነ ጠይቁ። አባቶቻችንና እናቶቻችን ሁለቱንም ያወረሱን እንድንመርጥበት ነው።