ስሙ ዓለምን ዞረ፤ ቋንቋውስ?

«ዲላን» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የኖቤል ተሸላሚውን ዘፋኝ ቦብ ዲላንን ነው። ስሙ ግን የዌልስ ነው። በመካከለኛው ዘመን በዌልሽኛ በተጻፉት የ«ማቢኖጊዮን» ተረቶች ውስጥ ዲላን የሚባል ልጅ አለ። ክርስትና እንደተነሣ ወደ ባሕር ገብቶ እንደ ዓሣ ይዋኛል፤ ኋላም አጎቱ ይገድለዋል። ታሪኩ በጥቂት መስመር ያልቃል። ስሙም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ እምብዛም አይሰማም ነበር።

በ1914 (እ.ኤ.አ.) በስዋንሲ ከተማ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ስሙን ከዚያ ጥንታዊ ተረት አውጥቶ ለወንድ ልጁ ሰጠው። ልጁ ኋላ ዝነኛው ገጣሚ ዲላን ቶማስ ሆነ። በዌልሽኛ አነባበቡ «ደለን» ወደሚለው ይጠጋል። እናቱ ይህ በእንግሊዝኛ «ፈዛዛ» የሚል ቃል ስለሚመስል ልጆች እንዳያላግጡበት ሰግታ ነበር። ገጣሚው ራሱ የእንግሊዝኛውን አነባበብ መረጠ፤ ዛሬ ዓለም የሚጠራውም በዚያው ነው።

የሚገርመው ሌላ ነው። አባትም እናትም ዌልሽኛ ይናገሩ ነበር፤ ልጃቸውን ያሳደጉት ግን በእንግሊዝኛ ነው። ስሙን ሰጡት፣ ቋንቋውን አላወረሱትም።

በእነሱ መፍረድ ይቀላል። ነገር ግን በ1847 የወጣ የመንግሥት ሪፖርት ዌልሽኛን የዕድገት እንቅፋት አድርጎ ነበር የሳለው። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶችም ዌልሽኛ ሲናገር የተገኘ ተማሪ አንገት ላይ እንጨት ይንጠለጠል ነበር። በዚህ ጥላ ሥር ላደገ ወላጅ፣ ልጁ «ያልፍለት ዘንድ» እንግሊዝኛ መምረጡ ክፋት አይደለም። ስም ግን እንጀራ አያሳጣም፤ ስለዚህ ስሙ ተረፈ።

ከዚያ በኋላ ስሙን ማን ያቆመዋል? ሮበርት ዚመርማን የተባለው የሚኒሶታ ወጣት በ1962 በሕግ ቦብ ዲላን ሆነ። በ1990 ደግሞ «ቤቨርሊ ሂልስ 90210» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ዲላን የሚባል መልከ መልካም ወጣት ይዞ መጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዲላን በአሜሪካ ለወንድ ልጅ ከሚሰጡ 30 ተወዳጅ ስሞች ውስጥ ነበር። ዛሬ ሴቶችም ይጠሩበታል።

ቋንቋው ግን በሌላ መንገድ ሄደ። በ1911 ቆጠራ ከዌልስ ሕዝብ 43 በመቶ ያህሉ ዌልሽኛ ተናጋሪ ነበር። በ2021 ቆጠራ 17.8 በመቶ፣ ማለትም 538 ሺህ ያህል ሰው ቀረ። የዌልስ መንግሥት በ2050 ተናጋሪውን አንድ ሚሊዮን ለማድረስ አቅዷል።

አንድ ሕዝብ ልጆቹን በአያቶቹ ቃል መሰየሙ መልካም ነው፤ ወጪም የለውም። ቋንቋ ግን ወጪ አለው፦ መምህር ይፈልጋል፣ መጽሐፍ ይፈልጋል፣ ከሁሉ በላይ ማታ ማታ ከልጁ ጋር በዚያ ቋንቋ የሚያወራ ወላጅ ይፈልጋል። ይህን የማይከፍል ሕዝብ ስሞቹ በዓለም ሲናኙ እያየ ሊኮራ ይችላል፤ የስሞቹን ትርጉም ግን ከመዝገበ ቃላት ነው የሚፈልገው።