ሻንጣውን አልጋ ላይ አትክፈቱ

ለሠርግ ክፍለ ሀገር ሄደን አንድ ሌሊት ፔንሲዮን አደርን። ቤት እንደገባን ሻንጣውን አልጋ ላይ ከፍቼ ልብስ አወጣሁ። ከሳምንታት በኋላ ልጄ ክንድ ላይ በመስመር የተደረደሩ የሚያሳክኩ እብጠቶች ወጡ። እኔ ሐኪሟ አለርጂ ነው ብዬ ሽሮፕ ሰጠኋት! ፍራሹን ስገለብጥ ስፌቱ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አየሁ። ትኋን ነው።

ወላጆች፣ አትፈሩ፤ ትኋን ንጹሕ ቤትም ይገባል።

አሁን ማረፊያ ክፍል ስገባ መጀመሪያ በስልኬ መብራት የፍራሹን ስፌትና ራስጌውን አያለሁ። ሻንጣው ከአልጋና ከግድግዳ ርቆ ይቀመጣል። ስንመለስ በረንዳ ላይ እከፍተዋለሁ፤ ልብሱ በላስቲክ ታስሮ በቀጥታ ወደ ማጠቢያ። የ60 ዲግሪ እጥበት እንቁላሉንም ይገድላል። ማሽን ከሌላችሁ፣ ልብሱ የሚችል ከሆነ በፈላ ውኃ ዘፍዝፉት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻ አይበቃም።

አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፦ ለማሳ የሚረጭ ፀረ ተባይ ወይም ነጭ ጋዝ ልጅ የሚተኛበት ፍራሽ ላይ አትርጩ። ከተረጨ በኋላ ልጁን ካስመለሰው፣ ምራቁ ከበዛ ወይም መተንፈስ ካቃተው የመርዙን ዕቃ ይዛችሁ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ።