ግቢ የገባች ጀልባ፦ ከጣና ዳር የተያዘ ትዝብት

፩

ጀልባዋ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተደፍታለች። የመጣችው በአይሱዙ ነው። ከመኪናው አውርዶ በበሩ ለማስገባት አሥራ አንድ ሰው አስፈለገ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ጀልባ ነጂ ናቸው። ሰዎቹ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ሳለ፣ «የፋይበር ደጉ ነገር ቅለቱ ነው» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም።

፪

«ፋይበር አይሞትም።» ይህን በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአምስት ሰው ሰማሁ። ከቀለም ሻጩ፣ ከጋራዡ ሰው፣ ከሁለት ጀልባ ነጂዎች፣ ከራሳቸው ከባለቤቱ። እንጨት ይበሰብሳል፣ ብረት ይዝጋል፣ ፋይበር አይሞትም። በዚያው ሳምንት በሐይቁ ዳር ስሄድ ሣር የበቀለባቸው የፋይበር ጀልባዎች አየሁ። አንዷ ውስጥ ውሻ ወልዳለች። ሌላዋ አፈር ተሞልታ ጎመን በቅሎባታል። አልበሰበሱም። ውሃ ላይ ግን አንዷም የለችም።

፫

ፋይበር ግላስ ሁለት ነገር ነው። እንደ ባዘቶ የተነጠፈ የመስታወት ክር፣ ክሩን የሚያጠጣው ሬዚን የሚባል ሙጫ። ጀልባ ውስጥ ግን ስሙ የማይነሣ ሦስተኛ ነገር አለ። እንጨት። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ በሁለት የፋይበር ልብስ መሐል የተደበቀ ኮምፔንሳቶ ነው። የሞተሩ ብሎን የገባበት ቀዳዳ በደንብ ካልታሸገ ውሃው ወደ ኮምፔንሳቶው ይዘልቃል። መውጫ የለውም።

፬

ባለቤቱ በመዶሻ እጀታ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ያንኳኳሉ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የታመመው ይታፈናል። የኋላ ግድግዳዋ ላይ ሲደርሱ እርጥብ ሊጥ የመቱ ያህል ነበር። በመሰርሰሪያ በሱት። ቡናማ ውሃ ወጣ፤ የቆየ የጉድጓድ ውሃ ይሸታል። እስከ ማታ ሲንጠባጠብ ዋለ።

ለሃያ ዓመት ነድተዋታል። ዘጌ፣ ክብራን፣ ደቅ። ያኔ የመሥሪያ ቤት ንብረት ነበረች። ስትወገድ በጨረታ ገዟት። «ሃያ ዓመት ሙሉ ጀርባዬን የሰጠሁት ለዚህ ነው?» አሉ ቀዳዳውን እያዩ።

፭

ከወለሉ ሥር ፎም ተሞልቷል። ጀልባዋ ብትገለበጥ እንዳትሰጥም የተደረገ ነው። ወለሉን ቀደው አንድ ቁራጭ አወጡ። ከሱቅ በተዋስነው ሚዛን ዘጠኝ ኪሎ መዘነ። ደረቅ ፎም በዚያው ልክ አንድ ኪሎ አይሞላም። ተሸካሚዎቹ ትዝ አሉኝ።

፮

«የጣና ውሃ ለስላሳ ነው፤ ጀልባ የሚበላው የባሕር ጨው ነው» ይባላል። ለብረት እውነት ነው። ለፋይበር ተገላቢጦሽ ነው። ውሃ በላይኛው ስስ ሽፋን ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። ከሥሩ በደንብ ያልደረቀ የሬዚን ቅሪት ያገኛል። ቅሪቱ ሟምቶ ተጨማሪ ውሃ ይስባል። ሽፋኑ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ይቋጥራል። የውጭው ውሃ ጨው ባነሰው ቁጥር ስበቱ ይበረታል፤ ውሃው ሞቅ ካለ ደግሞ ይፈጥናል። ጣና ጨው የለውም፤ ሞቅ ያለም ነው።

በሆዷ ላይ ያሉትን ቋጠሮዎች መቁጠር ጀመርኩ። መቶ ሲያልፉ ተውኩት። አንዱን በወስፌ ስንወጋው የወጣው ፈሳሽ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል።

፯

ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግነው። ሰማያዊ። ከሥሩ ነጭ። ከሥሩ ብርቱካንማ። ከሥሩ እንደገና ሰማያዊ። በየቀለሙ መሐል ስቱኮ። አንድ ቀዳዳ አራት ጊዜ ተደፍኗል፤ አራቱንም ጊዜ በስቱኮ።

ስቱኮ የመኪና ላሜራ ማለስለሻ ነው። ውሃ ይጠጣል፤ ሸክም አይችልም። የፋይበር ቀዳዳ የሚጠገነው ዙሪያው በሰፊው ተዳፋት ሆኖ ተሞርዶ ነው። ለአንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን። ስድስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሆድ ላይ አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ ለመጠገን የሻይ ሳህን የሚያህል ቦታ መሞረድ አለበት። ከዚያ ክሩ በየንብርብሩ እየሰፋ ይነጠፋል፣ ሬዚን ይጠጣል፣ አየሩ በብሩሽ እየተመታ ይወጣል።

የጋራዡ ሰው ሊያግዝ መጥቶ ነበር። «ጋሼ፣ ደህናውን ለምን ይሞርዱታል?» አለ። ጥያቄው የቅን ሰው ጥያቄ ነው። ለሚኒባስ መከላከያ ፋይበር የሚለጥፍ ጎበዝ እጅ አለው። መከላከያ ቢለቅ መንገድ ላይ ይወድቃል። ጀልባ ላይ የተለጠፈው ቢለቅ ሰው ይሞታል። ልጣፉ የሚይዘው በደህናው አካል ላይ በተኛበት ስፋት ልክ ነው። ይህን ለሃያ ዓመት ያህል ማንም አለማድረጉ ያበሳጨኛል። አራት ጊዜ ለቀለም ገንዘብ ተገኝቷል።

፰

ሬዚን የሚሸጠው በታሸገ ውሃ ባዶ ጠርሙስ ተቀድቶ ነው። ማጠንከሪያው በትንሽ ብልቃጥ። «በክዳን ሁለት ጨምርበት» አለኝ ሻጩ። በየትኛው ክዳን? «በማንኛውም።» ትክክለኛው መጠን ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ነው፤ ሲሞቅ ይቀነሳል።

ሚያዝያ፣ እኩለ ቀን። በክዳን ተለክቶ የተበጠበጠው ሬዚን ብሩሽ ሳይነካው ጣሳው ውስጥ ጠጠረ። ጣሳው ጨሰ። በጉጠት አንሥተው አሸዋ ላይ አስቀመጡት።

በማግሥቱ ባለቤቱ ከፋርማሲ ስሪንጋ ገዙ። ሥራውንም ወደ ንጋት 12 ሰዓት አዛወሩት። ከዚያ ወዲህ ጣሳ አልጨሰም። ስሪንጋውን ወስደው ለሻጩ አሳዩት። አመሰገናቸው። አሁንም በክዳን ይለካል።

፱

የእኅታቸው ልጅ ያግዛቸዋል። ለአቧራው ማስክ ተገዛለት። አንገቱ ላይ አደረገው። ማታ ክንዱን ሲያክ፣ ሲያስል ያመሻል። የሚታከክበት የመስታወት ክር ነው፤ በዓይን አይታይም። አጎቱ ይቆጡታል። የራሳቸው ማስክ የማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

፲

ሚስታቸው፣ «ይህን ጥራጊ መቼ ነው የምታወጡልኝ?» ይላሉ በየቀኑ። ቡና የሚፈላው ግን ጀልባዋ አጠገብ ሆኗል። አንድ ሌሊት ሳይታሰብ ዘነበ። ጠዋት ስመጣ ጀልባዋ ሸራ ለብሳለች፤ በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ተጭኖበታል። ማን እንዳለበሳት ጠየቅሁ። ባልየው እንቅልፍ ላይ ነበሩ።

፲፩

የሞተሩ ክዳን ላይ 40 ተጽፏል። የፈረስ ጉልበቱ ነው። ዋጋውም፣ የሚጫነው ሰው ብዛትም በ40 ይታሰባል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ያጣል። እዚህ ሲደርስ የሚቀረው 33 ገደማ ነው።

ባለቤቱ ይህን ስሌት ሰምተው አያውቁም። በሥራ ዘመናቸው ግን ከተፈቀደው ሁልጊዜ ሁለት ሰው ቀንሰው ነበር የሚጭኑት። ለምን? «እዚህ ሐይቅ ላይ ሞተር ይዋሻል።»

፲፪

1,785 ሌላም ቦታ ላይ አለ። ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ትልልቆቹ መርከቦች የሚሠሩት የውሃው ከፍታ ከ1,785 ሜትር በላይ ሲሆን ነው። የዓባይ መውጫ በሆነው በጨረጨራ የተሠራው ግድብ በ1988 ዓ.ም. ተጠናቀቀ። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ከዚያ ከፍታ በታች ወረደ። መርከቦቹ ለአራት ወር ያህል ቆሙ።

የደንገል ታንኳ ለመንሳፈፍ ከጉልበት በታች የሆነ ውሃ ይበቃታል።

፲፫

ታንኳ የሚሠሩ የነገደ ወይጦ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ደንገል ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ በነዶ በነዶ ያስራሉ። በማሰሪያው መሐል የማዳበሪያ ጆንያ ክር ገብቷል። የአንዲት ታንኳ ዕድሜ በወር ይቆጠራል። ይህን አይደብቁም። «ስትበሰብስ ሌላ እሠራለሁ» አሉኝ። ሥራውን የት እንደተማሩ ስጠይቃቸው ጥያቄው አልገባቸውም።

ማታ ታንኳዋን ከውሃ አውጥተው፣ ቀጥ አድርገው፣ ዛፍ ላይ ያስደግፏታል። ውሃው በነዶው መሐል ቁልቁል ይወርዳል። በየማታው እንዲሁ ነው።

ደንገሉ ራቀ አሉ። ድሮ የሚያጭዱበትን ቦታ በእጃቸው አሳዩኝ። ጤፍ ነው።

፲፬

ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. የጣናን ደንገል ወደ ግብፅ ወሰደ። ጊዛ፣ ከፒራሚዶቹ አጠገብ፣ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሠሪዎች ጀልባ አድርገው አሰሩት። ስሟ ራ ነበር። ግንቦት ላይ ከሞሮኮ፣ ከሳፊ ወደብ ተነሣች። ደንገል ባሕር ላይ ሁለት ሳምንት አይቆይም ተብሎ ነበር። ስምንት ሳምንት ሄደች፤ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል። ካሪቢያን ሳትደርስ ኋላዋ ሰጠመ።

በጥንት የግብፅ ሥዕሎች ላይ ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ ጀልባው ወለል የሚወጠር ገመድ አለ። ጥቅሙ ስላልታወቀ በራ ላይ ተትቶ ነበር። ራ ሁለተኛዋ ገመዱ ነበራት። በ1962 ዓ.ም. በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች።

ይህን ለባለቤቱ አጫወትኳቸው። በማግሥቱ ከጀልባዋ የወጣ ዕቃ ሁሉ፣ ምንነቱ ያልታወቀውም ጭምር፣ በየጣሳው ተለይቶ ቁጥር ተጽፎበት ነበር።

፲፭

በ1978 ዓ.ም. ገደማ ከኔዘርላንድስ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ከተማ ከኡርክ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅት፣ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆኖ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለጣና አስተዋወቀ። ከተማው ዓሣ በላ፣ ብዙ ቤተሰብ እንጀራ አገኘ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ከጣና በቀር የትም የማይገኙት የላቢዮባርበስ ዓሦች በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሱ።

ያነጋገርኳቸው አጥማጆች ሁሉ ዓሣው መቀነሱን ያምናሉ። የጨረሰው የሌላው ሰው መረብ ነው።

፲፮

መርከቧ «ጣናነሽ ፪» ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ በከባድ ተሽከርካሪ በየብስ ወደ ጣና ስትጓዝ ያያት ሁሉ ፎቶ አነሣት። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ሐይቁ መርከብ ይገባዋል። ስሟ ላይ ያለው ቁጥር ከፊቷ ሌላ ጣናነሽ እንደነበረች ይናገራል። ስለ ሁለተኛዋ ርዝመትና ክብደት ብዙ ሰው አጫወተኝ። አንደኛዋ ዛሬ የት እንዳለች ሦስት ሰው ጠየቅሁ። ሦስት የተለያየ ቦታ ነገሩኝ።

፲፯

ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሣል። ይህን የማያውቅ ጀልባ ነጂ የለም፤ «በጠዋት ኑ» የሚሉትም ለዚህ ነው። አንድ ቀን ከዘጌ በ9 ሰዓት ተነሣን። ማዕበሉ ከጎን ይመታናል። የሕይወት ማዳኛ ጃኬቶቹ ጣሪያው ሥር በገመድ ታስረዋል። ብዙዎቹ ከነላስቲካቸው ናቸው። ለሁለት የውጭ አገር ሰዎች ተፈትተው ተሰጡ። አጠገቤ ሕፃን ያቀፈች እናት ነበረች። ስጠይቅላት፣ «እሷ የዚሁ አገር ሰው ናት» አለኝ ነጂው።

፲፰

የታንኳው ሽማግሌ ጀልባዋን ሊያዩ መጡ። አዲሱ የኋላ ግድግዳ ገብቷል። ሆዷ ተፍቆ ሦስት ሳምንት ደርቋል። የቀራት ቀለም ብቻ ነው። ዞሯት። በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጓት። ባለቤቱ ስለ ሬዚኑ፣ ስለ ስሪንጋው፣ ስለ ኮምፔንሳቶው በዝርዝር አስረዷቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ታዲያ ማታ ማታ የት ነው የምታደርቋት?»

ባለቤቱ ወደ እኔ አዩ። ያን ሃያ ዓመት ጀልባዋ ያደረችው ውሃ ላይ ታስራ ነው።

፲፱

ግንቦት መጨረሻ ላይ ውሃ ገባች። እስከ ደብረ ማርያም ሄዳ ተመለሰች። በማግሥቱ ማታ ወደ ዳር ወረድኩ። ከውሃ ወጥታለች። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ፣ የኋላ መፍሰሻዋ ተከፍቶ። ያወጧት አምስት ሰዎች ናቸው።