ቀብዱን አትቀበል

ለተወደድከው ልጄ፣

ይህችን ደብዳቤ በሻንጣህ ውስጥ ያስቀመጥኳት፣ ፊት ለፊት ልነግርህ ስል ሆዴ እየባባ ቃል ስለሚያጥረኝ ነው። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ።

ያ ጓደኛህ ሽሮ ሜዳ ለምታስረክበው ዋሽንት ቀብድ ይዞ እንደሚጠብቅህ ከእናትህ ሰማሁ። ለመስቀል ይድረስልኝ ብሏል አሉ። ልጄ፣ ቀብዱን አትቀበል። አሁን ሰኔ ነው፤ ጨንቻ ላይ ዝናቡ ገብቷል። በክረምት የተቆረጠ ቀርከሃ ውሃ ያዘለ ነው፤ ነቀዝም አይምረውም። በበጋ፣ ያውም ሦስት ዓመት የሞላው ተመርጦ ተቆርጦ፣ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ካልደረቀ ዋሽንት አይወጣውም። እርጥቡን በጋለ ብረት ብትበሳው አራቱም ቀዳዳ ያምራል፤ የዚያን ቀን ድምፁም ደስ ይላል። ሲደርቅ ግን ይኮማተራል፣ ከቅኝት ይወጣል፣ አንዳንዱም ከጫፉ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ቀብድ የሰጠህ ሰው አጠገብህ አይቆምም። በታላቅ ወንድምህም እንዲሁ የሆነውን አንተው ስላየኸው አልደግመውም።

«ቱሪስት መቼ ያውቃል» ይልህ ይሆናል። ቱሪስቱ ባያውቅ፣ ትዝታን ከባቲ ለይቶ የሚነፋ ሰው ያውቃል። ነፊ ቁመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንት ይይዛል፤ ረጅሙ ለወፍራም ድምፅ፣ አጭሩ ለቀጭን። ካመነህ ዕድሜውን ሙሉ ካንተ ይገዛል። በወጣትነቴ ዮሐንስ አፈወርቅ ከኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጋር ሲነፋ በሬዲዮ ስሰማ፣ ያን ሸምበቆ ማን መርጦ ቆርጦት ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ሰው ስለ ዜማው ሲያወራ እኔ ስለ እንጨቱ ነበር የምጨነቀው።

አያትህ ቀርከሃውን ከጣሪያው ሥር፣ ከምድጃው ጭስ በላይ ሰቅለው ያደርቁት ነበር። እኔን ትከሻቸው ላይ አውጥተው በጣቴ እንዳንኳኳ ያደርጉኛል፤ የደረቀውን በድምፁ መለየት ያስተማሩኝ እንደዚያ ነው። ነፍሳቸውን ይማር። ጊዶሌ ወስደው የደራሼን ፊላ ሊያሳዩኝ ቃል ገብተውልኝ ነበር። ፊላ ሲነፋ እያንዳንዱ ነፊ የድርሻውን ድምፅ ይዞ፣ ተራውን ጠብቆ ጣል ያደርጋል፤ ከስንት ሰው እስትንፋስ አንድ ዜማ ይወጣል። አያትህን ግን ሞት ቀደማቸው። ከዚያ ወዲህ ፊላን በበዓል ከሩቅ አየሁት እንጂ፣ ከሠሪዎቹ ጋር ቁጭ ብዬ እጃቸውን አላየሁም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንተ አንድ ቀን ሂድ፣ አብረሃቸው ተቀመጥ። እጅህ ይባረክ፣ ልጄ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ከእኔ እጅ የረጋ ነው።

ስለ ቤት ኪራዩና ስለ ምግቡ ብዙ ልመክርህ አስቤ ነበር፤ እናትህ ነግራሃለች። ብርድ ተጠንቀቅ፤ ሽሮ ሜዳ እንጦጦ ሥር ነው።

ጣሪያው ሥር የነበረውን ደረቅ ቀርከሃ በሙሉ ጠቅልዬ አስሬልሃለሁ። ለእኔ አላስቀረሁም፤ በጋው ሲመጣ ጨንቻ ወጥቼ እቆርጣለሁ። በእሱ ጀምር፤ ጥቂት ሠርተህ ጥቂት ሽጥ። ብር ካጠረህ ለዚያ ጓደኛህ ሳትነግር ለእኔ ደውል፤ ሸማዬንም ቢሆን ሸጬ እልክልሃለሁ። ለመስቀል ደግሞ ና። የጋሞ ልጅ ሁሉ ከያለበት ሲገባ አንተን ከበር ላይ ማጣት አልችልም፤ ባዶ እጅህን ብትመጣም ና።

ያሰብከው ይሙላልህ። ክፉ አይንካህ። ውለህ ግባ።

አባትህ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ