ቤታችንን እየነዳን በተሰነጠቀች ምድር ላይ

ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «መምህር፣ እርስዎ አይተውታል?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ በእኔ ላይ የደረሰው በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ሰሞን በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር እየተንቀጠቀጠች ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ይሰማ ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ጠመኔ አንሥቼ የስምጥ ሸለቆን ሥዕል በሰሌዳው ላይ ነደፍሁ። ምድር በሁለት ወገን እንዴት እንደምትለያይ፣ ከሥሯ ያለው የቀለጠ ዐለት እንዴት ወደ ላይ እንደሚገፋ አስረዳሁ። ይህን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ እጅዋን አነሣችና ያንን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

አላየሁትም ነበር። አራት ዓመት በኮሌጅ ተምሬ፣ ሦስት ዓመት አስተምሬ፣ ከከተማችን ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀውን ነገር አላውቀውም። አዋሽ ሰባት የምትኖረውን አክስቴን ልጠይቅ ስመላለስ እንኳ በአውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አክስቴ በዚያ ሰሞን የቤቷ ግድግዳ ተሰንጥቆ ሸራ ወጥራ ደጅ ታድር ነበር። የበኩር ልጇ በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ጋሼ እያልሁ የምጠራው ይህ ሰው በየማታው እየደወለ «ልቀቂና አዲስ አበባ ግቢ» ሲላት፣ «ምድር የማትሰነጠቅበት አገር የት አለና ነው የምሸሸው?» እያለች ትመልስለት ነበር። ክረምት ሲደርስ ጋሼ የመሄጃዬን ወጪ ችሎ ጠራኝ። «ና፤ ሰው በስንጥቅ ላይ ቤት ሠርቶ የሚኖርበትን አገር አብረን እንይ። አንተም ለተማሪዎችህ፣ እኔም ለእናቴ መልስ እናገኝ ይሆናል» አለኝ። ይህ አገር አይስላንድ ነው።

ቤት ያለው መኪና

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል የምትገኝ ደሴት ናት። ስፋቷ 103,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የአገራችንን አንድ አሥረኛ አይሞላም፤ የሕዝቧም ቁጥር ከ400,000 በታች ነው። የኑሮው ውድነት ግን አያድርስ ነው። የአንድ ሌሊት የሆቴል ዋጋ የእኔን የወር ደመወዝ ስለሚያስንቅ፣ ጋሼ ከነአልጋውና ከነምድጃው የሚነዳ መኪና ለዘጠኝ ቀን ተከራየ። ቀን አግዳሚ ወንበር ሆኖ የዋለው ነገር ማታ ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል። ከጎኑ አነስተኛ የጋዝ ምድጃና የእጅ መታጠቢያ አለ። ጋሼ ከስቶክሆልም ሽሮ፣ በርበሬና ጀበና ይዞ ስለ መጣ፣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ መኪናችን ሽታው ከአክስቴ ማድ ቤት አይለይም ነበር።

መኪናውን ያከራየን ወጣት ሁለት ነገር አጥብቆ ነገረን። አንደኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት በእንዲህ ያለ መኪና ማደር የሚቻለው ለዚሁ በተዘጋጀ ሰፈር ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ የመሬቱ ባለቤት መፍቀድ አለበት። ሁለተኛው፣ የመኪናውን በር ስንከፍት በሁለት እጃችን ጠበቅ አድርገን እንድንይዝ ነው፤ የአገሩ ነፋስ በር ይገነጥላልና። እኔ ሁለተኛውን ምክር ሰማሁት እንጂ አላመንሁትም። በሁለተኛው ቀን በባሕሩ ዳር ፎቶግራፍ ላነሣ ቸኩዬ በአንድ እጄ ከፈትሁ። ነፋሱ በሩን ከእጄ ነጥቆ ወደ ፊት ገለበጠው፤ ማጠፊያውም ጠመመ። እስከ መጨረሻው ቀን በሩን በገመድ እያሰርን ተጓዝን። በነፋስ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንስ ስለማይከፍል፣ ዕዳው የጋሼን የግማሽ ወር ደመወዝ ወሰደ። ጋሼ አልተቆጣኝም፤ ዝም አለ። ዝምታው ግን ከቁጣ ይከብዳል። በሰሌዳ ላይ የማስተምረውን ነገር ተማሪዎቼ እንዴት እንደሚሰሙት ያን ዕለት ገባኝ።

በየሰፈሩ የምናገኛቸው ሰዎች ስማችንን ሲጠይቁን አንድ ነገር አስደሰተን። አይስላንዶች አብዛኞቹ እንደ እኛ በአባት ስም የሚጠሩ እንጂ የቤተሰብ ስም የሚወርሱ አይደሉም፤ ሐኪሙም ሆነ የአገሩ ፕሬዚዳንት በራሱ ስም ይጠራል። በስዊድን የመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ሁልጊዜ በአያቱ ስም የሚጠራው ጋሼ «እዚህ ቢሆን ኖሮ በስሜ በጠሩኝ» አለ።

ፓርላማ የተሰበሰበበት ገደል

ከዋና ከተማው ከሬይክያቪክ ወጥተን መጀመሪያ የደረስነው ቲንግቬትሊር ከሚባለው ስፍራ ነው። አይስላንዶች እ.ኤ.አ. በ930 ሸንጎአቸውን ያቋቋሙት በዚህ ቦታ ነው። ሸንጎው እስከ 1798 ድረስ ይሰበሰብ የነበረው በዚሁ ሜዳ ሲሆን፣ በሰኔ 1944 ነፃ ሪፑብሊክ መሆናቸውን ያወጁትም ሕዝቡ እዚሁ ተሰብስቦ ነው።

ይህ የተከበረ ቦታ የምድር ስንጥቅ ነው። የሰሜን አሜሪካና የዩራሲያ የምድር ቅርፊቶች በአይስላንድ በዓመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይለያያሉ። በሁለት ጥቁር የዐለት ግድግዳዎች መካከል በእግራችን ሄድን። እኔ ስንት ጊዜ በጠመኔ የሣልሁትን መስመር በእጄ ነካሁት፤ ቀዝቃዛና ሸካራ ነው። ቲንግቬትሊርን ለማየት ባሕር ተሻግሬ ስመጣ፣ በእኛው በአፋር የአረብ፣ የኑቢያና የሶማሌ የሚባሉት ሦስት ቅርፊቶች ከአንድ ስፍራ ላይ እንደሚለያዩ አስታወስሁ። ያንን ያየሁት በመጽሐፍ ብቻ ነው። ደስታዬ ከኀፍረት ጋር ተቀላቀለ።

ድልድዩ

ደሴቲቱን የሚዞረው መንገድ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው። እኛም በደቡብ በኩል ጀመርን። በግራችን ስልሳ ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው ፏፏቴዎች ይወርዳሉ፤ በቀኛችን አሸዋው እንደ ከሰል የጠቆረ የባሕር ዳር ይታያል። ማዕበሉ ሳይታሰብ ሰው ጠልፎ ስለሚወስድ፣ ከውኃው እንድንርቅ በየቦታው ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ከቪክ መንደር ካለፍን በኋላ መንገዱ አረንጓዴ ሽበት በለበሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት መካከል ይሄዳል። ይህ ዐለት የላኪ ስንጥቅ እ.ኤ.አ. ከ1783 ጀምሮ ለስምንት ወር የተፋው ነው። ከዐለቱ ጋር የወጣው መርዛም ጋዝ ሣሩን አበላሸ፣ አብዛኞቹ በጎች አለቁ፤ በተከተለው ረሀብም ከሕዝቡ አንድ አምስተኛ ያህል ሞተ። ጋሼ መኪናውን ከዳር አቁሞ ብዙ ጊዜ ተመለከተው።

ከዚህ በኋላ ስኬይዳራ ከሚባለው የአሸዋ ሜዳ ደረስን። በላዩ የቫትናዮኩል በረዶ ተጋድሟል፤ ይህ በረዶ ብቻውን ከአገሪቱ መሬት ስምንት በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። ከበረዶው የሚወጡት ወንዞች መንገዳቸውን እየለዋወጡ ስለሚያስቸግሩ፣ እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ድረስ ይህን ሜዳ የሚሻገር ድልድይ አልነበረም። ከሜዳው በስተ ምሥራቅ የሚኖር ሰው በመኪና ወደ ዋና ከተማው ለመሄድ አገሪቱን በሰሜን በኩል መዞር ነበረበት። በዚያ ዓመት ድልድዮቹ ሲያልቁ ነው መንገዱ ክብ የሆነው።

በመንገዱ ዳር እንደ ሽቦ የተጠማዘዘ የብረት አጋር ቆሟል። በ1996 መጸው ከበረዶው ሥር እሳተ ገሞራ ፈነዳ። የቀለጠው ውኃ ወዲያው አልወጣም፤ ከአንድ ወር በላይ በበረዶው ሥር ሲጠራቀም ሊቃውንቱ እየለኩ «ይመጣል» ሲሉ ቆዩ። በኅዳር መጀመሪያ መጣ። ቤት የሚያህል የበረዶ ቋጥኝ እየተሸከመ ድልድዮቹን ሰበረ። ነገር ግን መንገዱ አስቀድሞ ተዘግቶ ስለ ነበረ አንድም ሰው አልሞተም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ጊዜያዊ መሻገሪያ ተሠራ። የተረፈውን ብረት እንደ ሐውልት ትተውታል። የላኪን ዘመን ከዚህ ጋር ሳስተያይ፣ በሁለቱ መካከል የተለወጠው እሳቱ አይደለም፤ ሰዎቹ ስለ እሳቱ የሚያውቁት ነገር ነው።

እንፋሎቱን ያሰሩት ሰዎች

የምሥራቁን ፍዮርዶች በጭጋግና በዝናብ አለፍናቸው፤ ከበጎች በቀር ብዙም ያየነው የለም። በሰሜን በኩል ሚቫትን ከሚባለው ሐይቅ ስንደርስ ግን ፀሐይ ወጣች። ምድሪቱ በየስፍራው ታጨሳለች፤ ግራጫ ጭቃ እንደ ገንፎ እየፈላ ይንጣጣል። ሽታው እንደ ተበላሸ ዕንቁላል ነው። ከአጠገቡ ባለው በክራፍላ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1984 ምድር ደጋግማ ስትሰነጠቅና እሳት ስትተፋ ቆይታለች። በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ጣቢያ በዚያው እየተሠራ ነበር። ሥራውን አልተዉትም፤ እንፋሎቱ ዛሬ ተርባይን ያዞራል።

እኔም ለጋሼ በአፋር በደባሁ አጠገብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 የሆነውን ነገርሁት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ምድር በስልሳ ኪሎ ሜትር ርዝመት ተከፍታ፣ ስፋቷ በአንዳንድ ስፍራ ስምንት ሜትር ደርሶ ነበር። ጋሼ ገረመው። «ይህን ፈረንጅ ያውቀዋል?» አለ። ከየአገሩ የመጡ ተመራማሪዎች እንዳጠኑትና ከክራፍላ ጋር እንዳስተያዩት ነገርሁት። «እኛስ?» አለ። ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችና የመሬት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ትምህርት በሚሰጥበት በአይስላንድ የእንፋሎት ኃይል ማሠልጠኛ እንደ ተማሩ፣ በላንጋኖ አጠገብ በአሉቶም በ1990ዎቹ መጨረሻ አነስተኛ ጣቢያ እንደ ተሠራ ገለጽሁለት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ለእናቱ ደወለና የሚፈላውን ጭቃ በምስል አሳያት። አክስቴም አየችና «ይህማ የእኛው ፍል ውኃ ነው። ምነው ታዲያ ያን ያህል ባሕር መሻገር?» አለች።

በሬይክያቪክ እ.ኤ.አ. በ1930 ሙቅ ውኃ ከሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት በቧንቧ ተስቦ ሲገባ፣ መጀመሪያ ካሞቃቸው ሕንፃዎች አንዱ የልጆች ትምህርት ቤት ነበር። ዛሬ በአይስላንድ ካሉት ቤቶች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የሚሞቁት በምድር ሙቀት ነው። ትንንሽ መንደሮች ሳይቀሩ የሞቀ መዋኛ አላቸው። ሰዎች ከሥራ በኋላ እየተሰበሰቡ በሙቁ ውኃ ውስጥ ተቀምጠው እንደ እኛ ቡና ቤት ወሬ ያወራሉ። ከመግባት በፊት ራቁትን ሆኖ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። እኔ ለማምለጥ ብሞክርም በአንድ ሽማግሌ ጣት ወደ መታጠቢያው ተመለስሁ።

የአክስቴ መልስ

በመጨረሻው ቀን መኪናውን ልንመልስ ስንሄድ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቀው በግሪንዳቪክ አቅጣጫ አለፍን። ይህች የዓሣ አጥማጆች ከተማ 3,800 ያህል ነዋሪዎች ነበሯት። በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. ከሥሯ የቀለጠ ዐለት እንደሚሄድ መሣሪያዎቹ ባመለከቱ ጊዜ፣ ሕዝቡ በአንድ ሌሊት ወጣ። በጥር 2024 እሳቱ ከከተማይቱ ጠርዝ ደርሶ ሦስት ቤቶችን አቃጠለ። ከመንገዱ ላይ ሆነን ገና ያልሸበተውን ጥቁር ዐለትና እሳቱን ለመመለስ የተከመረውን ረጅም የአፈር ግድብ አየን። ስለዚህ የምድርን እሳት ያሸነፈ ሕዝብ አላየሁም። እነርሱም ቤታቸውን ለቀው ያለቅሳሉ፤ ነገር ግን መቼ መልቀቅ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ሰው አላቸው።

ወደ አገሬ እንደ ተመለስሁ አዋሽ ሰባት ሄጄ ይህን ሁሉ ለአክስቴ ነገርኋት። ቡናዋን እየቀዳች በጸጥታ ሰማችኝ። ግድግዳዋ በጭቃ ተለስኗል፤ ስንጥቁ ግን በልስኑ ሥር እንደ ጅማት ይታያል። «እንግዲያው እነርሱም ይሸሻሉ» አለች። «ይሸሻሉ» አልኋት። «እንዲያ ከሆነ አዲስ አበባ ግቢ አትበሉኝ፤ የእኔንም ግድግዳ መጥቶ የሚለካ ሰው አስተምራችሁ ላኩልኝ።»

በጥቅምት 2018 ዓ.ም. የወላጆችን ፈቃድ አግኝተን፣ የአውቶቡሱንም ኪራይ አዋጥተን አርባ ተማሪዎች ይዤ ወደ ፈንታሌ ሄድሁ። መተሐራ አጠገብ መንገዱ በጥቁር የእሳተ ገሞራ ዐለት መካከል ያልፋል። ይህ እኔ ስንት ጊዜ ተኝቼ ያለፍሁት ቦታ ነው። ያች ከኋላ ወንበር የምትቀመጠው ልጅ አንድ ድንጋይ አንሥታ ቀዳዳዎቹን በጣቷ እየነካች «ይህ ነው?» አለችኝ። «ይህ ነው» አልኋት። በወሩ፣ በኅዳር፣ በአፋር የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ዐመዱ እስከ የመንና እስከ ህንድ ድረስ በሄደ ጊዜ፣ ክፍሉ ገና ሳልገባ ካርታውን አውርደው ዘርግተው ጠበቁኝ።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ የውጭ አገር ጉዞ ላገኘ ሰው አይስላንድን ይይ እላለሁ፤ የመኪናውንም በር በሁለት እጁ ይያዝ። ያላገኘ ግን አይዘን። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ አዋሽ ሲጓዝ በመስኮቱ በኩል ይቀመጥ፤ መተሐራ ሲደርስም አይተኛ።