በገለዓድ ተራሮች ላይ፤ የዮፍታሔ ስእለት

ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም ከአገራችን የሚነሣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው ከዮርዳኖስ ወንዝ በስተ ምዕራብ፥ በኢየሩሳሌምና በኢያሪኮ ላይ ነው። ይህም የተገባ ነው። እኛ ግን ተሳልመን ከጨረስን በኋላ ለመመለሻችን ጥቂት ቀን ቢተርፈን፥ ስድስት ሰዎች ሆነን ወንዙን ወደ ምሥራቅ ተሻግረን የገለዓድን ምድር ለማየት ቈረጥን። መጽሐፈ መሳፍንትን ለተማሪዎች ስናስተምር ዐሥራ አንደኛው ምዕራፍ ላይ በደረስን ቍጥር ቃሉ ከጕሮሮአችን አልወጣ ይለን ነበርና፥ ያ ነገር የተደረገበትን አገር በዓይናችን ልናይ ወደድን።

በመጀመሪያ ያደርነው በአማን ነው። የዛሬው የዮርዳኖስ መንግሥት ዋና ከተማ አማን ስሟን የወረሰችው ከአሞን ልጆች ሲሆን፥ በብሉይ ዘመን ረባት ትባል ነበረች። በከተማዋ መካከል ባለው በጥንቱ አምባ ላይ በ1961 (በአውሮፓ አቈጣጠር) በአሞናውያን ቋንቋ የተቀረጸ ድንጋይ ተገኝቷል። ድንጋዩ የተጻፈው ከዮፍታሔ ዘመን በኋላ ቢሆንም፥ እርሱ የተዋጋቸው ሰዎች ከተማና ጽሕፈት ያለው ሕዝብ አባቶች እንደ ነበሩ ያስረዳል።

በማግሥቱ ወደ ሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ከሳልት ከተማ ደረስን። ከሳልት ወደ ሰሜን መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። በተራራው ወገብ የወይራ ዛፍ ተተክሏል፤ እረኞችም ፍየሎቻቸውን በድንጋዩ መካከል ያሰማራሉ። በዚያ ከፍታ ላይ ጀልዓድ የሚባል ስፍራ አለ፤ የገለዓድን ስም እስከ ዛሬ ድረስ ይዞ ይኖራል። በስተ ሰሜን በጥልቁ ሸለቆ የሚፈሰው የዘርቃ ወንዝ አባታችን ያዕቆብ የተሻገረው ያቦቅ ነው። በስተ ምዕራብ ምድሩ ከባሕር ወለል በታች እስከሆነው እስከ ዮርዳኖስ ሸለቆ ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያም ማዶ የኤፍሬም ተራሮች ይታያሉ።

ከአንድ የወይራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን መጽሐፉን ገለጥን። አስቀድመን ያነበብነው ግን መሳፍንትን አልነበረም፤ ኦሪት ዘፍጥረትን ነበር። ያዕቆብና አማቱ ላባ የተማማሉት በዚህ በገለዓድ ተራራ ነውና። ድንጋይ ከምረው ያንን ክምር ምስክር አደረጉት፤ የገለዓድም ስም ከዚህ መጣ፤ ስፍራው ደግሞ ምጽጳ፥ ማለት መጠበቂያ፥ ተባለ። ላባ ከያዕቆብ የፈለገው መሐላ ምን ነበር? ከሁሉ አስቀድሞ ሴቶች ልጆቹን እንዳይበድልበት ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። በገለዓድ የተማለው የመጀመሪያው መሐላ ሴት ልጅን ለመጠበቅ የተማለ ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ የገለዓድ ሽማግሌዎች አሞናውያን በጸኑባቸው ጊዜ አለቃ አጡ። የጋለሞታ ልጅ ነህ ተብሎ በወንድሞቹ ከርስት የተባረረው ዮፍታሔ በጦብ ምድር ተቀምጦ ነበርና፥ ወደ እርሱ ሄደው ለመኑት። እርሱም ድል ባደርግ አለቃችሁ ትሉኛላችሁን? ብሎ ቃላቸውን ካስያዘ በኋላ መጣ። ጦርነትም ከመጀመሩ በፊት ሁለት ጊዜ ወደ አሞን ንጉሥ መልእክተኞች ልኮ የእስራኤልን የሦስት መቶ ዓመት ይዞታ እያስረዳ በቃል ተከራከረ። ከዚህ የተነሣ ዮፍታሔ ችኵል ሰው ነበረ ለማለት አይቻልም፤ ንግግር የሚያውቅ፥ ነገር የሚመዝን ሰው ነበረ።

ይህ ሰው ግን ወደ ሰልፍ ሲወጣ ተሳለ። በድል ብመለስ ከቤቴ ደጅ ወጥቶ የሚቀበለኝን አቀርባለሁ አለ። መጽሐፉ የእግዚአብሔር መንፈስ በእርሱ ላይ መምጣቱን የሚናገረው ከስእለቱ አስቀድሞ ነው። እንግዲህ በነጻ የተሰጠውን ሊገዛ ተዋዋለ። ከሽማግሌዎች ጋር እንደ ተዋዋለ ከእግዚአብሔርም ጋር ሊዋዋል ፈለገ። ሃያ ከተሞችን መትቶ ወደ ምጽጳ ሲመለስ ከበሮ ይዛ በዘፈን የወጣችው አንዲት ልጁ ነበረች። ከእርስዋ በቀር ወንድም ሴትም ልጅ አልነበረውም። ልብሱን ቀደደ፤ ነገር ግን አስጨነቅሽኝ ብሎ የተናገረው ለእርስዋ ነበር። የማለው እርሱ፥ የተወቀሰችው እርስዋ!

እርስዋም ሁለት ወር ለምና ከባልንጀሮችዋ ጋር በተራሮች ላይ ድንግልናዋን አለቀሰች። እነዚያ ተራሮች እነዚህ ናቸው፤ ማንም አልተናገረም።

በመካከላችን ያሉ አንዲት እናት ዝምታውን አቋረጡት።

«መምህር፥ በዚያ አገር ካህን አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ፥ እትዬ።»

«ታዲያ በሁለት ወር ውስጥ አንድ ሰው እንዴት አላስተማረውም?»

ይህ ጥያቄ የሊቃውንትም ጥያቄ ነው። ኦሪት ልጅን በእሳት ማቅረብን አጥብቃ ትከለክላለች። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 27 ላይ በስእለት የተሰጠ ሰው በብር እንዲዋጅ ታዝዛለች፤ ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ለሆናት ሴት ዋጋው ዐሥር ሰቅል ነው፤ ይኸውም 110 ግራም ያህል ብር ነው። የአይሁድ መምህራን እንደሚተርኩት ካህኑ ፊንሐስ፥ «እኔ ካህን ስሆን ወዳልተማረ ሰው ልሂድን?» አለ፤ ዮፍታሔም፥ «እኔ መስፍን ስሆን ወደ እርሱ ልሂድን?» አለ፤ በሁለቱ ትዕቢት መካከል ልጅቱ ጠፋች። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ በ387 (በአውሮፓ አቈጣጠር) በአንጾኪያ ሕዝቡን ከመሐላ ሲከለክል ይህን ታሪክ አነሣ፤ እግዚአብሔር ነገሩን ያልከለከለው ኋለኞች እንዲህ ያለውን ስእለት ፈርተው እንዲተዉ ነው ብሎ አስተማረ። እንደ ዳዊት ቂምሒ ያሉ የአይሁድ ተርጓሚዎች ግን ልጅቱ አልታረደችም፥ ከሰው ተለይታ በድንግልና ኖረች ይላሉ።

ወይዘሮዋ ይህን የመጨረሻውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ቈይተውም እንዲህ አሉን፦ «ልጄ በሕፃንነትዋ ታማ ሳለ፥ ብትድንልኝ ለገዳም እሰጣታለሁ ብዬ ተስያለሁ። እነሆ አሁን ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርቷን ትወዳለች። እኔ ደግሞ ስእለቴን ፈርቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

እኛ ዲቁና የተማርን መምህር እንጂ የንስሐ አባት አይደለንምና ልንፈታቸው አልደፈርንም። ስእለትም ቀልድ አይደለም፤ መፈጸም ይገባዋል። ይህን ብቻ ጠየቅናቸው፦ «እትዬ፥ እርስዋን ጠይቀዋታልን?»

«አልጠየቅኋትም» አሉ፥ ዝግ ባለ ድምፅ።

ከዚያ ስንወርድ ሌላውንም መሐላ አሰብን። በመሳፍንት ዘመን መጨረሻ ነገዶች ሁሉ በሌላይቱ፥ በብንያም ባለችው ምጽጳ ተሰብስበው ልጆቻችንን ለብንያም አንድርም ብለው ማሉ። ጥቂት ቈይተው ከእስራኤል አንድ ነገድ ሊጠፋ ነው ብለው አለቀሱ። መሐላቸውን እንዳያፈርሱ ግን በዚሁ በገለዓድ ያለችውን ኢያቢስን አጥፍተው አራት መቶ ደናግል ማረኩ፤ ያም ባይበቃ በሴሎ በዓል የሚዘፍኑት ልጃገረዶች እንዲጠለፉ ፈቀዱ። መሐላው ተጠበቀ፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ያልማሉት ናቸው። መጽሐፉም ንጉሥ ስላልነበረ እያንዳንዱ በፊቱ መልካም የመሰለውን ያደርግ ነበር ብሎ ይደመድማል። ከ1769 እስከ 1855 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ያለው የአገራችን የመከፋፈል ጊዜ ዘመነ መሳፍንት መባሉ ስለዚህ ነው።

ሐዋርያው ለዕብራውያን በጻፈው መልእክት ዮፍታሔን በእምነት ካሸነፉት ጋር ቈጥሮታል። ስለዚህ እኛ አንፈርድበትም። የእምነት ሰውም ቢሆን አንደበቱን ካልጠበቀ ቤቱን በገዛ ቃሉ ሊያፈርስ እንደሚችል ግን ከእርሱ እንማራለን። የተወደዳችሁ ወላጆች፥ ስትሳሉ ከራሳችሁ ላይ ተሳሉ፤ ከጾማችሁ፥ ከጸሎታችሁ፥ ከገንዘባችሁ። የልጃችሁን ዕድሜ አትዋዋሉበት፤ በቍጣም «ደጄን አይረግጥም» ብላችሁ አትማሉ። ከአፍ ከወጣም በኋላ ሁለት ወር ሙሉ አልቅሳችሁ ዝም አትበሉ፤ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። ዮፍታሔ ወደ አሞን ንጉሥ ሁለት ጊዜ መልእክተኛ ልኮ ወደ ካህን አንድም አልላከም።

በአማን ከተማ ስንለያይ ወይዘሮዋ እጃችንን ይዘው፥ «እንደ ገባሁ አስቀድሜ ወደ አባቴ፥ ከዚያም ወደ ልጄ» አሉን። አባትየው የሚያዝዙትን፥ ልጅቱም የምትመልሰውን እግዚአብሔር ያውቃል። በተራራው ላይ ግን አንዲት እናት ያን ቀን የጠየቁት ጥያቄ፥ በምጽጳ አንድ ሰው ቢጠይቀው ኖሮ ምናልባት አንዲት ልጅን ያድን ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።